ከጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ ስፖርተኛው ወደ ውድድር ለመመለስ መብቃቱ በምን ይለካል?

የጉልበቱ ፊተኛ መስቀለኛ ጅማት (በተለምዶ ኤሲኤል የሚባለው) ተበጥሶ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ተጫዋች በየቀጠሮው ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ነው የምጫወተው?» ይላል። ከባለሙያው የሚያገኘው መልስም በአብዛኛው የወራት ቁጥር ነው። ስድስት ወር፣ ስምንት ወር፣ ቢበዛ ዘጠኝ ወር ይባላል፤ ክለቡም፣ አሠልጣኙም፣ ቤተሰቡም ያንን ቁጥር ይዘው ቀን ይቆጥራሉ። ቀኑ ሲደርስ ጉልበቱ ሳያብጥና ሳያመው ደረጃ መውጣትና መውረድ ከቻለ «ድነሃል» ተብሎ ወደ ሜዳ ይሸኛል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ጡንቻው ኃይል፣ ስለ ዝላዩና ከዝላይ በኋላ ስላለው አስተራረፍ ተለክቶ በካርዱ ላይ የሰፈረ አንድም ቁጥር ላይኖር ይችላል።

ይህ ልማድ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ በጉዳዩ ላይ የተጻፉ 209 ጥናቶችን መርምሮ ከመቶ 85ቱ ጊዜን እንደ መመዘኛ መጠቀማቸውን፣ ከመቶ 42ቱ ደግሞ ከጊዜ በቀር ሌላ ምንም መመዘኛ አለመጠቀማቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ሰፊ ትንተና እንደሚያመለክተው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከመቶ 81 ያህሉ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ሲመለሱ፣ ቀድሞ ወደነበሩበት ደረጃ የሚመለሱት 65፣ ወደ ውድድር የሚመለሱት ደግሞ 55 ብቻ ናቸው። ከተመለሱት መካከል ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑት የደረሰባቸው ዕጣ ይበልጥ ያሳስባል፤ ከመቶ 23 ያህሉ ያንኑ ወይም የሌላኛውን ጉልበት ጅማት ዳግም እንደሚበጥሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥቅል ትንተና ዘግቧል።

ጊዜ የሚሠራውና የማይሠራው

ጊዜ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በቀዶ ጥገና የሚተከለው ጅማት ብዙውን ጊዜ ከታካሚው ከራሱ የጭን የኋላ ጡንቻ ወይም ከጉልበት ሎሚ ሥር ካለው ጅማት የሚወሰድ ነው። ከቦታው ሲነሣ የደም አቅርቦቱ ይቋረጣል፤ በአዲሱ ቦታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በውስጡ ካሉት ሕዋሳት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ከዚያ በኋላ አዳዲስ የደም ሥሮችና ሕዋሳት ገብተውበት በብዙ ወራት ሂደት የመስቀለኛ ጅማትን ጠባይ እየያዘ ይሄዳል። በዚህ መካከል፣ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ፣ ጅማቱ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ታካሚው ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ሕመሙ ይቀልለዋል፤ እብጠቱ ይጎድላል፤ ሩጫ ያምረዋል። የሕመም መጥፋትና የጅማት መጠንከር በአንድ ቀን የማይገናኙ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለታካሚው አስቀድሞ ማስረዳት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካዋ ዴላዌርና በኖርዌይዋ ኦስሎ ተመራማሪዎች ትብብር የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ጊዜንና ልኬትን ጎን ለጎን አስቀምጧል። 106 ታካሚዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት፣ ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር የዳግም ጉዳት መጠን በ51 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የጥንካሬና የዝላይ መመዘኛዎችን ሳያሟሉ ከተመለሱት 38.2 ከመቶ ዳግም የጉልበት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ አሟልተው ከተመለሱት የተጎዱት 5.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በኳታር በሚገኘው አስፔታር ሆስፒታል በ158 ወንድ ስፖርተኞች ላይ የተደረገውና በዚያው ዓመት የወጣው ጥናትም ስድስት የመሸኛ መመዘኛዎችን ሳያሟሉ የተመለሱት የተተከለውን ጅማት የመበጠስ ዕድላቸው በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል። የታካሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ አኀዞቹን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ሆኖም ዘጠኝ ወር ከዚያ በፊት መመለስ የማይመከርበት ገደብ እንጂ በራሱ የብቁነት ማስረጃ አለመሆኑን ለማየት ይበቃሉ።

ከዝላይ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የጥንካሬም ሆነ የዝላይ ፈተና ከመደረጉ በፊት ጉልበቱ የረጋ መሆን ይኖርበታል። በመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን ለማወቅ ከእጅ በቀር መሣሪያ አያስፈልግም። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ዘርግቶ ሳለ፣ ባለሙያው በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ከታች ወደ ላይ በመዳፉ እየጠረገ ፈሳሹን ይገፋዋል፤ ቀጥሎም በውጭኛው ጎን ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል። በውስጠኛው በኩል ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ተመልሶ የሚሞላ ፈሳሽ ከታየ ጉልበቱ ገና አልረጋም። ይህ ምርመራ በአንድ ቀን ከሚደረግ ይልቅ ከልምምድ በፊትና በማግሥቱ ቢደረግ የበለጠ ይናገራል፤ በማግሥቱ ፈሳሹ ጨምሮ ከተገኘ የልምምዱ ጭነት ጉልበቱ ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ፈሳሽ ያለበት ጉልበት በነርቭ ምላሽ አማካይነት የፊተኛውን የጭን ጡንቻ ስለሚያፍነው፣ በዚህ ሁኔታ የሚለካ ጥንካሬ የጡንቻውን እውነተኛ አቅም አያሳይም።

ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱም እንዲሁ መታየት አለበት። ጎኒዮሜትር ከሌለ ታካሚው በሆዱ ተኝቶ ከጉልበት በታች ያሉት እግሮቹ ከአልጋው ጠርዝ ውጭ ሲንጠለጠሉ የሁለቱን ተረከዞች ከፍታ ልዩነት በሜትር መለካት ይቻላል፤ አንድ ሴንቲሜትር ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይገመታል።

በብዙ ካርዶች ላይ የሚገኘው የጭን ዙሪያ ልኬት ግን ከሚገባው በላይ ክብር ተሰጥቶታል። ሜትሩ ስቡንም፣ የኋላውንም ጡንቻ፣ የፊቱንም ጡንቻ አንድ ላይ ይለካል። ሁለት ጭኖች በዙሪያ እኩል ሆነው በኃይል በእጅጉ ሊለያዩ ይችላሉ።

የጡንቻ ኃይል

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የፊተኛው የጭን ጡንቻ (ኳድሪሴፕስ) ኃይል ነው። ከላይ በተጠቀሰው የዴላዌርና የኦስሎ ጥናት የተጎዳው እግር ኃይል ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ከመቶ በተሻሻለ ቁጥር የዳግም ጉዳት መጠን በ3 ከመቶ ቀንሷል። ለዚህ ልኬት የሚመረጠው አይሶኪነቲክ የተባለው መሣሪያ ነው። ውድ በመሆኑ ጥቂት ማዕከላት ብቻ ያላቸው ሲሆን፣ እርሱ ባለመኖሩ ኃይልን ጨርሶ አለመለካት ግን ተገቢ አይደለም።

በእጅ የሚያዝ ዳይናሞሜትር ካለ በባለሙያው ክንድ ሳይሆን ከአልጋው እግር ጋር በታሰረ ቀበቶ መያዝ ይኖርበታል። የሠለጠነ ተጫዋች የጭን ጡንቻ የመርማሪውን ክንድ በቀላሉ ስለሚያሸንፍ፣ ያለ ቀበቶ የሚገኘው ቁጥር የተጫዋቹን ሳይሆን የባለሙያውን ጉልበት የሚለካ ይሆናል። ይህም ከሌለ በማንኛውም የስፖርት ማዘውተሪያ በሚገኘው፣ ተቀምጦ እግርን ወደ ላይ በሚዘረጉበት የክብደት መሣሪያ እያንዳንዱ እግር ለብቻው አንድ ጊዜ ሊያነሣው የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት መመዝገብ ይቻላል። በተተከለው ጅማት ላይ የሚያርፈውን ጫና ለመቀነስ እንቅስቃሴውን ጉልበቱ ከ90 እስከ 45 ዲግሪ በታጠፈበት ክልል መወሰን የተለመደ ነው። በእግር ወደ ፊት የሚገፋው መሣሪያ ግን ለዚህ ዓላማ አይበጅም፤ የዳሌና የባት ጡንቻዎች ጉልበቱን ስለሚያግዙት የፊተኛው ጡንቻ ድካም ተሸፍኖ ይቀራል።

የአንድ እግር ዝላይ

እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሰፊው የታወቁት አራት የዝላይ ፈተናዎች የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ፕላስተር፣ ስቶፕ ዎችና 6 ሜትር ርዝመት ያለው ደልዳላ ወለል ካለ በየትኛውም ጤና ተቋም ሊሠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው በአንድ እግር አንድ ጊዜ በተቻለ መጠን ርቆ መዝለል ነው፤ ሁለተኛው በዚያው እግር ሦስት ጊዜ አከታትሎ መዝለል፤ ሦስተኛው 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን መስመር ግራና ቀኝ እየተሻገሩ ሦስት ጊዜ መዝለል ሲሆን፣ አራተኛው 6 ሜትሩን በአንድ እግር እየዘለሉ በሚወስደው ሰከንድ የሚለካ ነው።

ፈተናዎቹ ቀላል ቢመስሉም አሠራራቸው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተጫዋቹ ሰውነቱን ካሟሟቀና ከተለማመደ በኋላ በጤነኛው እግር ይጀምራል፤ በየፈተናው ሁለት የተሳካ ሙከራ ተይዞ አማካዩ ይወሰዳል። ያረፈበት እግር ሳይንሸራተትና ሌላው እግር መሬት ሳይነካ ሁለት ሰከንድ ያህል መቆም ካልቻለ ሙከራው አይቆጠርም። በአንዱ ቀጠሮ በስፖርት ጫማ፣ በሌላው በባዶ እግር የተገኙ ቁጥሮች አይነጻጸሩም።

በርቀት በሚለኩት ሦስቱ ፈተናዎች የተጎዳው እግር ውጤት ለጤነኛው ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። በሰከንድ የሚለካው ግን በተቃራኒው ነው፤ የጤነኛው እግር ሰከንድ ለተጎዳው ይካፈላል። ጤነኛው በ2.0፣ የተጎዳው በ2.2 ሰከንድ ቢጨርሱ ውጤቱ 91 ከመቶ ገደማ ነው፤ ስሌቱን የገለበጠ ባለሙያ ግን 110 ከመቶ አግኝቶ ደካማው እግር በልጧል ብሎ ይጽፋል። በአብዛኛው እንደ ማለፊያ የሚወሰደው 90 ከመቶ ነው። ሆኖም የእነዚህ ፈተናዎች የልኬት ስሕተት ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት በአንድ ታካሚ ላይ እውነተኛ ለውጥ መጣ ለማለት እንደ ፈተናው ዓይነት ከ7 እስከ 13 ከመቶ የሚደርስ ልዩነት እንደሚያስፈልግ አመልክቷል። ባለፈው ወር 86፣ ዛሬ 90 ያገኘ ተጫዋች ተሻሽሏል ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር ይህ ልዩነት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ጤነኛው እግር ሁልጊዜ ታማኝ መለኪያ አይደለም

የመቶኛው ስሌት የቆመው ጤነኛው እግር ሳይለወጥ ቆይቷል በሚል ግምት ላይ ነው። ወራት ሙሉ ከልምምድ የራቀ ተጫዋች ግን ሁለቱም እግሮቹ ይደክማሉ። ለምሳሌ ያህል ከቀዶ ጥገናው በፊት ጤነኛው እግሩ 180 ሴንቲሜትር ይዘል የነበረ ተጫዋች በሰባተኛው ወር በዚያው እግር 160፣ በተጎዳው ደግሞ 149 ዘለለ እንበል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ውጤቱ 93 ከመቶ ስለሆነ ተጫዋቹ አልፏል። ከራሱ የቀድሞ አቅም ጋር ሲነጻጸር ግን 149 ለ180 ተካፍሎ 83 ከመቶ ብቻ ነው፤ ወድቋል።

ይህ የስሌት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2017 በ70 ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት አሳይቷል። በስድስተኛው ወር በሁለቱ እግሮች ንጽጽር 57.1 ከመቶዎቹ በኃይልም በዝላይም 90 ከመቶ ሲያገኙ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት በተያዘው የጤነኛው እግር ልኬት ሲመዘኑ ያለፉት 28.6 ከመቶ ብቻ ሆነዋል። በኋላ ሁለተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው 11 ታካሚዎች መካከል ስምንቱ በመጀመሪያው ስሌት አልፈው የነበሩ ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ልኬት ታካሚው ገና ጤነኛ ሳለ የተያዘው ነው። በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ክለቦች የቡድኑ የጤና ባለሙያ ዛሬም «ወጌሻ» እየተባለ ይጠራል፤ በተመልካች ዓይን ሥራው ቦርሳ ይዞ ወደ ሜዳ መሮጥ ነው። ይህ ባለሙያ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ላይ የእያንዳንዱን ተጫዋች የሁለት እግር ዝላይና የጭን ጡንቻ ኃይል ለክቶ በመዝገብ ቢያስቀምጥ፣ ከወራት በኋላ ለሚመጣ ጉዳት ሆስፒታሉ በገንዘብ ሊገዛው የማይችለውን መረጃ ይሰጠዋል። ይህ ካልተደረገ ቢያንስ ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ እብጠቱ ጎድሎ ቀጠሮ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ የጤነኛው እግር መለካት አለበት።

ርቀቱ እኩል ሆኖ ጉልበቱ ሲለግም

ሌላም ችግር አለ። ወደ ፊት በሚደረግ የአንድ እግር ዝላይ ሰውነትን የሚያስወነጭፉት በዋነኛነት ዳሌና ቁርጭምጭሚት ናቸው፤ በአስፔታር የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ ልኬቶች የጉልበት ድርሻ ከመቶ 13 ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ወደ ላይ በሚደረግ ዝላይ ግን የጉልበቱ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል። ይህም በመሆኑ ተጫዋቹ ጉልበቱን እያስቀረ በዳሌው ዘሎ በርቀት እኩል ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ የሚመለከት ባለሙያ ይህን አያይም፤ ልግመቱ ጎልቶ የሚታየው በማረፍ ጊዜ ነው። ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን አድርቆ የሚያርፍ፣ ግንዱን ወደ ፊት የሚደፋ፣ ወይም ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚጎብጥ ተጫዋች 95 ከመቶ ቢያገኝም ጭነቱን ወደ ሌላ መገጣጠሚያ እያሸጋገረ ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ ከፊትና ከጎን ቀርጾ በዝግታ መመልከት በቂ ነው። በአንድ እግር ወደ ላይ የሚደረግ ዝላይንም ከአራቱ ፈተናዎች ጋር መጨመር ይጠቅማል፤ ጣቶችን በኖራ ነክቶ በግድግዳ ላይ ምልክት በማድረግ ሊለካ ይችላል። ተጫዋቹ ባረፈበት ቀን ያለፈውን ፈተና ከልምምድ በኋላ ደክሞት ሳለ መድገምም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ጨዋታው በእረፍት ሰውነት አያልቅም።

ፍርሃትም ይለካል

ጉልበቱ የበረታ ሁሉ ልቡ በርትቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተዘጋጀውና ኤሲኤል-አርኤስአይ በመባል የሚታወቀው የ12 ጥያቄዎች መጠይቅ የተጫዋቹን ስሜት፣ በጉልበቱ ላይ ያለውን መተማመንና ለጉዳት ያለውን ሥጋት ከዜሮ እስከ መቶ ይለካል። ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የመመለስ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። መጠይቁን በቃል እየተረጎሙ በችኮላ መጠየቅ ግን ውጤቱን ያበላሻል፤ በተለይ አሠልጣኙ ወይም የክለቡ ኃላፊ በክፍሉ ውስጥ ካለ «ትፈራለህ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። ተጫዋቹ ብቻውን መጠየቅ ይኖርበታል።

ፈተናውን ማለፍ ምን ያህል ይጠብቃል?

እዚህ ላይ መረጃው አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥቅል ትንተና የፈተና ስብስቦችን ማለፍ የተተከለው ጅማት ዳግም የመበጠስ ዕድልን በ60 ከመቶ እንደሚቀንስ፣ የጤነኛውን ጉልበት ጅማት የመበጠስ ዕድል ግን ከፍ ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። ለዚህ አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ ያለፉት ተጫዋቾች ይበልጥ ስለሚጫወቱና ለአደጋ ስለሚጋለጡ ነው የሚለው ነው። የትንተናው ሌላ ግኝት ወደ ስፖርት ከመመለሳቸው በፊት ፈተናውን በሙሉ ያለፉት ከአራት አንድ የማይሞሉ መሆናቸው ነው። በመሆኑም ልኬት ተጫዋቹ ምን እንደሚጎድለውና የቀጣዩ ወር ልምምድ በምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ይናገራል፤ ጉዳት እንደማይደርስበት ግን ዋስትና አይሰጥም። ለተጫዋቹም በዚሁ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ውሳኔው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የበርን የጋራ ስምምነት ሰነድ መመለስን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ወደ ልምምድ መመለስ፣ ወደ ስፖርቱ መመለስና ወደ ቀድሞ ብቃት መመለስ። የእነዚህ ደረጃዎች ርቀት በጉልበት ጅማት ጉዳት ብቻ የሚታይ አይደለም። የባት ጡንቻ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከውድድር ያራቀው ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ ከ19 ቀናት በኋላ በብራስልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። በመነሻው መስመር ላይ መቆምና እስከ መጨረሻው መሮጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ቀን በታየ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ፍርድም በሁለቱም አቅጣጫ ሊያሳስት ይችላል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ የጅማቱን ሁኔታና የተለካውን አቅም፣ ስፖርቱ በጉልበቱ ላይ ከሚጭነው ጫና ጋር አገናዝቦ አደጋውን በግልጽ ማስቀመጥ ነው። ያንን አደጋ ለመቀበል ወይም ላለመቀበል የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጆቹም አብረው ይመክራሉ። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር የቀረው ተጫዋች ከጀማሪው የተለየ ሚዛን ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ሊደመጥ የሚገባው እንጂ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ክለቡ ደመወዝ ስለሚከፍል ብቻ የልኬቱን ውጤት ለማስለወጥ ሲሞክር ግን ባለሙያው የሚተማመነው በካርዱ ላይ በጻፈው ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ነው። «ተሽሎታል» የሚለው ቃል ሲያከራክር፣ «የጭን ጡንቻ ኃይል 74 ከመቶ» የሚለው አያከራክርም።

ፈቃድ ከተሰጠም በኋላ መመለሱ በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ ብቻውን መሮጥና አቅጣጫ መቀየር፣ ቀጥሎ ግጭት የሌለበት የቡድን ልምምድ፣ ከዚያ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻም በጥቂት ደቂቃዎች የሚጀምር ጨዋታ ይከተላል፤ በየደረጃው መሸጋገሪያ የማግሥቱ የጉልበት ፈሳሽ ይታያል። የሁለተኛ ጉዳት አደጋ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ከፍተኛ ስለሆነ የኃይልና የዝላይ ልኬቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት። በዚህ ጊዜ ጤነኛ የሚባለው እግር ቁጥርም ከመቶኛው ጎን በሴንቲሜትርና በኪሎ ራሱን ችሎ ይመዝገብ፤ ቀጣዩ ጉዳት የሚደርሰው በዚያኛው ጉልበት ላይ ሊሆን ይችላልና።